ዕውቀት እንደ መድኃኒት፦ የስኳር ሕመምና የአጥቢያችን ድርሻ በወልቂጤና በቡታጅራ

የስኳር ሕመም እንደ ወባ ወይም እንደ ሳንባ ምች ለጥቂት ቀናት መድኃኒት ተወስዶለት የሚሰናበት ሕመም አይደለም። በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር፣ በሚበላው ምግብ፣ በሚሠራው ሥራ፣ በሚወሰደው መድኃኒት መጠንና ሰዓት ልክ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። አንድ ታማሚ በየሁለት ወሩ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ከባለሙያ ጋር ቢነጋገር፣ በዓመት የሚያገኘው ምክር 3 ሰዓት ብቻ ነው። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓታት አሉት። ቀሪውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቤቱ፣ በገበያው፣ በማሳው፣ በዕድሩና በቤተ ክርስቲያኑ ነው። ኢንሱሊኑን የሚወጋው፣ የምግቡን መጠን የሚወስነው፣ እግሩን የሚመረምረው ራሱ ነው። ሐኪሙ መንገዱን ያሳያል፤ በመንገዱ የሚሄደው ግን ታማሚው ነው።

በመሆኑም ስለ ሕመሙ የሚሰጥ ትምህርት ከሕክምናው የሚተርፍ ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞችና በዙሪያቸው የሚኖሩ ምእመናን ሊያውቁት የሚገባውን፣ በተለይም የጤና ባለሙያው ብቻውን ሊመልሳቸው የማይችላቸውን የጾምና የጠበል ጥያቄዎች ለማብራራት እንሞክራለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ቆጮ፣ ዳቦና ድንች በሰውነታችን ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል። ይህ ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት ገብቶ ኃይል እንዲሆን ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን የሕዋሳትን በር እንደሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ወይም በሩ አልከፈት ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብን፣ የእግርን ነርቭና የደም ሥር ይጎዳል።

ዓይነት 1 የሚባለው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የሚከሠት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሕፃናትንና ወጣቶችን ያጠቃል። እነዚህ ታማሚዎች ያለ ኢንሱሊን መርፌ በሕይወት ሊቆዩ አይችሉም። በቁጥር የሚበዛው ዓይነት 2 ሲሆን ኢንሱሊን ቢኖርም በሚገባ የማይሠራበት፣ ከውፍረት፣ ከእንቅስቃሴ ማነስ፣ ከዕድሜና ከዘር ጋር የሚያያዝ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚከሠትም አለ።

ይህ ሁሉ ሲባል ብዙዎች ሕመሙን የባለጠጎች ብቻ አድርገው ያስቡታል። ይሁን እንጂ በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ በገጠር የሚኖሩ፣ የከሱና የተጎሳቆሉ፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዓለም የሕክምና ማኅበረሰብ አሳውቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ድሀ መሆንም ሆነ ቀጭን መሆን ከሕመሙ ለማምለጥ ዋስትና አይሆንም።

ብርቱ የውኃ ጥም፣ ሌሊት ሳይቀር የሚመላለስ ሽንት፣ የማይታወቅ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ የዓይን ብዥታና ቶሎ የማይድን ቁስል የታየበት ሰው ሳይዘገይ ይመርመር። ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት በተደረገ ምርመራ የደም ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ከተደገመ የስኳር ሕመም አለ ይባላል። ይሁን እንጂ ዓይነት 2 ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። በዓለም እ.ኤ.አ. በ2024 ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር ተብለው ከተገመቱት 589 ሚሊዮን ጎልማሶች ውስጥ ከ10ሩ 4ቱ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በአፍሪካ ደግሞ የማያውቁት ድርሻ ከሌሎች አህጉራት ሁሉ የላቀ ነው።

ትምህርቱ ወደ ታማሚው መምጣት እንዳለበት

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ዓይነት 1 የያዘው ሕፃን የሚጠብቀው ሞት ነበር። መድኃኒቱ ከተገኘ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም መድኃኒቱ እያለ ባለማወቅ የሚጎዳው ሰው ቁጥር ዛሬም ቀላል አይደለም።

በአገራችን የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቁሞ ታማሚዎችን ሲያስተምር ቆይቷል። በጎንደርና በጅማ ደግሞ ታማሚው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ከሚመላለስ በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶች ክትትል እንዲያገኝ የተሠራው ሥራ፣ ርቀቱ ሲያጥር ታማሚው ከሕክምናው እንደማይጠፋ አስተምሯል።

ማኅበረሰቡን ያሳተፈ የጤና ሥራ ለጉራጌ ምድርም እንግዳ አይደለም። ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡር እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበትን ማረፊያ በማዘጋጀት ይታወቃል። በቡታጅራም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ጀምሮ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ሕመምን ከቤት ወደ ቤት እየመዘገበ ሲያጠና ኖሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየመንደሩ ይመላለሳሉ። ሰዎች በራሳቸው ደጃፍ ሲማሩ እንደሚለወጡ ከአካባቢው ሕዝብ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ማዕዱን ማወቅ

ለስኳር ታማሚ የተለየ ምግብ አይሠራለትም። የሚያስፈልገው ቤተሰቡ የሚበላውን በመጠንና በሥርዓት መብላት ነው። ከሚበላው ግማሹ እንደ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም ያለ አትክልት፣ ሩቡ እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ቀይ ሥጋ፣ ቀሪው ሩብ ደግሞ እንጀራ፣ ቆጮ ወይም ዳቦ ቢሆን መልካም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ቆጮ ጣፋጭ ባለመሆኑ ስኳር የሌለው ይመስላል እንጂ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ይህ ማለት ይተው ማለት ሳይሆን መጠኑ ይታወቅ፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይበላ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ሆነን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፤ ጉርሻውም ይጨመርበታል። ታማሚው ከማዕዱ ሳይለይ ድርሻውን አስቀድሞ በፊቱ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ቤተሰቡም በጉርሻ ባያስጨንቀው ፍቅሩን አጎደለ አይባልም።

ማር «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» ይባላል፤ ነገር ግን እንደ ስኳር የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። «መራራ ነገር ስኳርን ያጠፋል» በሚል ግራዋና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎችን በመድኃኒት ምትክ መጠቀምም አደጋ አለው። ለስላሳ መጠጥና ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ቀድመው ሊቀሩ የሚገባቸው ናቸው። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄና ጠጅ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ስኳሩን በድንገት ሊያወርድበት ይችላል።

የመስቀል በዓል ደግሞ የራሱ ምክር ይሻል። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው ታማሚ ለበዓሉ ሳምንታት የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ይምጣ። ክትፎ ስኳር ባይሆንም ቅቤው ለልብና ለደም ሥር ሸክም ነው፤ ቆጮውም ይደመርበታል። ለእናትና ለአባት ስጦታ የሚያመጡ ልጆች ካሉ፣ ከኬክና ከለስላሳ ሣጥን ይልቅ ንባቡን የሚያሳየውን የስኳር መለኪያ መሣሪያና ስትሪፕ ቢያመጡ ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅም ምርቃት ያገኙበታል።

የስኳር መውረድን መለየት

የደም ስኳር ከፍ ማለት ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ከመጠን በላይ መውረድ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሰውን ሊጥል ይችላል። ከ70 በታች ሲወርድ ታማሚው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። ሲብስ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል፣ ይቆጣል፣ ራሱንም ይስታል። ይህ የሚደርሰው በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ኪኒን ወስደው ምግብ ባዘገዩት ላይ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ በሚወስዱት ላይ እምብዛም አይታይም።

ይህን ምልክት ከማንም ይልቅ ካህናትና የጠበል ቤት አገልጋዮች ሊያውቁት ይገባል። በቅዳሴ መካከል ወይም በጠበል ስፍራ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቀባዥርና የሚወድቅ ሰው ርኩስ መንፈስ እንደ ያዘው ወይም እንደ ሰከረ ሊቆጠር ይችላል። በዚያ ላይ የሚጠፋው እያንዳንዱ ደቂቃ የአንጎል ጉዳትን፣ አንዳንዴም ሞትን ያስከትላል። እንግዲህ አስቀድሞ «የስኳር ሕመም አለበትን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መፍትሔው ቀላልና በሁሉም ቤት ያለ ነው። መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ደግሞ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም ሳይሰጡ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ታማሚው በኪሱ ከረሜላ ወይም ስኳር ይዞ መሄድን ልማድ ያድርግ። በዚህ ጊዜ የሚቀመሰው ስኳር መድኃኒት እንጂ ጾምን መግደፍ እንዳልሆነ ካህናት ደጋግመው ሊያስረዱ ይገባል። ፈርቶ የዘገየ ሰው አለና።

ጾምና የስኳር ሕመም

ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትንና ፍልሰታን ለሚጠብቅ ምእመን «አትጹም» የሚለው የሐኪም ቃል ከባድ ነው። ስለዚህም ብዙዎች ለሐኪሙ ሳይነግሩ ይጾማሉ፤ ሐኪሙም ሳያውቅ በሙሉ ቁርስ የተሰላውን ኢንሱሊን ያዝዛል። አደጋው የሚወለደው ከዚህ ዝምታ ነው።

ጾማችን ሁለት ነገሮችን እንደያዘ መለየት ጠቃሚ ነው። አንደኛው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መከልከል ነው። ሁለተኛው እስከ ተወሰነው ሰዓት ከምግብ መዘግየት ነው። የመጀመሪያው ለአብዛኛው ታማሚ የሚቻል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ከተደገፈም ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የከተማው የጾም ማዕድ ወደ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳቦ በማርማላታና ጣፋጭ ሻይ ካዘነበለ ስኳሩን ከፍስኩ ይልቅ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አደጋው የሚበዛው በሁለተኛው ነው። ዓይነት 1 ያለባቸው፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ፣ በቅርቡ ስኳራቸው ወርዶ የወደቁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ኩላሊታቸው የተጎዳና በዕድሜ የገፉ ታማሚዎች ሰዓት ማቆየት ሕይወታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሕመምተኛ የምትራራ እናት ናት። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ ሕመምን ከምክንያት ይቆጥረዋል። የንስሐ አባት የታማሚውን ሁኔታ ተረድቶ ከምግቡ ዓይነት ሳይለየው ሰዓቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ታማሚውም ጾሙን በጸሎት፣ በምጽዋትና በአንደበት መቆጠብ ይፈጽማል። ከቅዱስ ቁርባን በፊት ስለሚጠበቀው ረጅም ሰዓትም እንዲሁ አስቀድሞ ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር መነጋገር እንጂ በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም።

ሐኪሙ ፈቅዶለት የሚጾም ታማሚ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ያስተካክል። በጾሙ ቀናት ስኳሩን ይለካ፤ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ወዲያው ያቋርጥ። ደም ለመለካት ጣትን መውጋት ጾምን አያፈርስም። በቡታጅራና በወልቂጤ አብረውን የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን በረመዳን ይኸው ጥያቄ አለባቸው፤ ለእነርሱም ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ተመሳሳይ መመሪያ አውጥተዋል። በጤና ጣቢያው ትምህርቱን ጎን ለጎን ተቀምጠን ልንማረው የምንችል ነው።

ጠበልና መድኃኒት

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ይህ ነው። ለፈውስ ወደ ጠበል የሚሄድ ታማሚ «እምነቴ እንዳይጎድል» ብሎ ኢንሱሊኑን ቤቱ ትቶ ይሄዳል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ ይመረዛል፤ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ራሱን ስቶ ይሞታል። ማስመለሱን የመፈወስ ምልክት አድርጎ የሚጠብቅ አስታማሚ ካለ ደግሞ ጊዜው ያልፋል።

ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ ስለሆኑ አልተጣሉም። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በቅርብ ዘመንም የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን እየተዉ ወደ ጠበል በሄዱ ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት የብዙዎችን ሕይወት ለማትረፍ ረድቷል፤ ለኢንሱሊንም ሳይለወጥ ይሠራል።

በጠበል ስፍራ የሚሰነብት ታማሚ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ለአስተናባሪው ይንገር፤ ምግቡን በሰዓቱ ይመገብ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ኢንሱሊኑን ከፀሐይና ከእሳት አርቆ፣ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይቻላል። የተከፈተ ብልቃጥ በዚህ መልክ ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ኢንሱሊን የቀዘቀዘ ስፍራ ቢወድም በረዶ ከሠራ ግን ይጣላል።

እግርን መጠበቅ

ሕመሙ የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ታማሚው እሾህ ቢወጋው ወይም ፍም ቢረግጥ አይሰማውም። ትንሿ ቁስል ትመረቅዝና እግር እስከ መቆረጥ ታደርሳለች። ስለዚህ በየማታው እግርን በለብታ ውኃ ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን መመልከት፣ ጫማን ከማጥለቅ በፊት ውስጡን መዳሰስ ያስፈልጋል። ባዶ እግር መሄድ አይገባም። ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ ጫማ ማውለቃችን ሥርዓት ነውና፣ ታማሚው ንጹሕና ወፍራም ካልሲ አድርጎ ይግባ፤ ጫማውንም በግቢው መግቢያ ሳይሆን በደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ያውልቅ። ከጉንዳንና ከጠጠር የሚጠብቀው ይህች ጥንቃቄ ናት። ስግደት መልካም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ ዓይናቸው በሕመሙ የተጎዳባቸው ግን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

አጥቢያው ምን ማድረግ ይችላል?

ከላይ የተዘረዘረው ትምህርት አዲስ ሕንፃም ሆነ ብዙ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያሉንን ጉባኤያት መጠቀም ነው።

ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር በወር አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ከጤና ጣቢያ ነርስ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንድ ርእስ ብቻ ይማሩ፦ አንድ ወር ስለ እግር፣ አንድ ወር ስለ ስኳር መውረድ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ስለ ጾም፣ ከመስቀል በፊት ስለ በዓል ማዕድ። ለማኅበሩ የሚዘጋጀው ዳቦና ጠላ አጠገብ ቆሎና ስኳር የሌለው ሻይ ይቅረብ። ትምህርቱ ለገጠሩ ሰው በሚናገርበት ጉራግኛ ይሰጥ፤ የቤቱን ምግብ የምታዘጋጀዋ እናትም አትቅር፤ ያለ እርሷ ማዕዱ አይለወጥምና።

ሰበካ ጉባኤ በጠበል ቤትና በዕቃ ቤት ስኳር፣ ንጹሕ ውኃና የቅርቡን ጤና ተቋም ስልክ ያስቀምጥ። የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን ስለ ሕመማቸውና ስለ መድኃኒታቸው ይጠይቁ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ፊደል ለማያነቡ አረጋውያን የቀጠሮ ቀንና የመለኪያ ቁጥር ይመዝግቡላቸው። ዕድሮች አባሎቻቸው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንዲታቀፉ ያበረታቱ፤ የመድኃኒት ዋጋ ከሕክምና የሚያስቀር ሸክም ነውና። ዕድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ቀብሩ እንዲዘገይም ሊሠራ ይችላል።

ኮሚሽናችን ከኤች አይ ቪ ጋር በተያያዘ ካህናትን በማሠልጠን ያካበተው ልምድ ለዚህ ሥራ መሠረት ይሆናል። የጉራጌ ሕዝብም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ መንግሥትን ሳይጠብቅ መንገድ ያስቆረጠ ሕዝብ ነው። ያ መንገድ መኪናውን ወደ ቀዬው አደረሰው። አሁን የቀረው ዕውቀቱን ከጤና ጣቢያው በር አንሥቶ እስከ ማዕዱ፣ እስከ ጠበሉና እስከ ደጀ ሰላሙ ማድረስ ነው። ቅርብ ያለ አጥቢያ ዛሬ ሊጀምረው ይችላል፦ በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ «ከመካከላችን የስኳር ሕመም ያለበት ማን ነው? ምን እናግዘው?» ብሎ በመጠየቅ።